ማይክል ኮርሊዮኔ ባለቤት እንጂ ተሳቢ አይደለም

ስለ ጎድፋዘር ፊልሞች የተጻፈና «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» በሚለው ተረት የሚዘጋ አንድ ጽሑፍ ማይክል ኮርሊዮኔ የዕጣ ፈንታ ሰለባ ነው ይላል። ጸሐፊው አምስት ማስረጃ አቅርበዋል። አንደኛ፣ አባቱ በተተኮሰበት ቀን ማይክል ምርጫ አጥቷል። ሁለተኛ፣ የማፊያ አለቃ ልጅ ሆኖ መወለዱ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ከደሙ አያመልጥም። ሦስተኛ፣ ሶኒ ከሞተ በኋላ ቤቱን የሚረከብ ሌላ ወራሽ አልነበረም። አራተኛ፣ የቤተሰቡን ንግድ ሕጋዊ ለማድረግ ዕድሜውን ሙሉ ቢታገልም ሌሎች እየጎተቱ መልሰውታል። አምስተኛ፣ በመጨረሻ የሚወደውን ሁሉ ማጣቱ ተበዳይ እንደነበር ያሳያል።

ጸሐፊው ፊልሞቹን ደጋግመው እንዳዩና ከልባቸው እንደሚወዱ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ አምስቱም ነጥቦች በማይክል ላይ የደረሰውንና ማይክል ያደረገውን በአንድ ከረጢት ይከትታሉ። ሰዋስዋችን ይህን ልዩነት ጥርት አድርጎ ያውቀዋል። «ጎተቱኝ» ያለ ሰው የዐረፍተ ነገሩ ተሳቢ ነው፤ «ሄድኩ» ያለ ሰው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሁለቱን እንለይ። አባቱን ተኮሱበት፤ መንጋጋውን ሰበሩት፤ ወንድሙን ሶኒን የመንገድ ቀረጥ መክፈያ ኬላ ላይ ረሸኑት፤ ሲሲሊ ውስጥ ያገባትን አፖሎንያን መኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ ገደሉበት፤ ታሆ ሐይቅ ዳር መኝታ ቤቱን በጥይት ደበደቡት፤ ልጁን ሜሪን በፓሌርሞው ቴአትሮ ማሲሞ ደረጃ ላይ ገደሉበት። በእነዚህ ሁሉ ማይክል ተሳቢ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ሙግቴ ከእያንዳንዱ በኋላ በሚመጣው ግሥ ላይ ነው።

ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ ሌሎቹ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ሆስፒታሉንና ሬስቶራንቱን አንድ ቁልቁለት አድርገው ያዩአቸዋል፤ አንዴ ከላይ የተገፋ ሰው እታች ሳይደርስ አይቆምም ነው ነገሩ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ግን በእግር እንሂድበት።

እ.ኤ.አ. በ1945 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የገና ሰሞን የማይክል አባት ቪቶ ኮርሊዮኔ ብርቱካን ሲገዛ መንገድ ላይ ይተኮስበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቱርኩ እየተባለ የሚጠራው ሶሎዞ ለሄሮይን ንግድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና በቪቶ ኪስ ያሉትን ፖለቲከኞች ከለላ ጠይቆ እምቢ ተብሏል። ማይክል ማታ ሆስፒታል ሲደርስ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ነርሷ ጠባቂዎቹን ፖሊስ ከዐሥር ደቂቃ በፊት እንዳስወጣቸው ትነግረዋለች። ለሶኒ ይደውላል። ከነርሷ ጋር አልጋውን እየገፋ አባቱን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውራል። ዳቦ ጋጋሪው ኤንዞ አበባ ይዞ ሊጠይቅ ሲመጣ ውጭ በር ላይ ያቆመዋል፤ አበባውን ያስጥለዋል፣ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ ያደርግለታል፣ ሽጉጥ የያዘ እንዲመስል እጁን ኪሱ እንዲከት ያዘዋል። ሊገድሉ የመጡት ሰዎች መኪናቸውን ቀስ አድርገው ያዩአቸውና ያልፋሉ። አንዲት ጥይት ሳትተኮስ አባትየው ተረፈ።

ቀጥሎ ኤንዞ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል እጁ እየተንቀጠቀጠ ያስቸግረዋል። ማይክል ላይተሩን ተቀብሎ ይለኩስለታል፤ ወዲያው የገዛ እጁን ያያል። ዝም ያለ እጅ ነው። ብዙ ተመልካች በዚህ ቅጽበት ዕጣ ፈንታው ሲጠራው ያያል። እኔ የማየው አንድ ሰው ችሎታውን ሲያገኝ ነው። የማይንቀጠቀጥ እጅ የቀዶ ጥገና ሐኪምም፣ የአውሮፕላን አብራሪም ያስፈልገዋል፤ ማይክል ራሱ በጦርነቱ ጊዜ በአሜሪካ ማሪን ውስጥ ተጠቅሞበታል። እጁ ዝም ማለቱ ምን እንደሚይዝበት አይወስንም።

ከዚያ ፖሊሶች ይመጣሉ። ካፒቴን ማክላስኪ እያስፈራራው ሳለ ማይክል፣ አባቱን ለማስገደል ቱርኩ ስንት እንደከፈለው በሰው ፊት ይጠይቀዋል። መንጋጋው የተሰበረው በዚህ ጥያቄ ነው። ቪቶ ያሳደገው የቤተሰቡ ጠበቃ ቶም ሄገን ወዲያው መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ያላቸውን የግል መርማሪዎች ይዞ ይደርስና በሩ እንደገና ይጠበቃል። የጸሐፊው ቁልቁለት እዚህ ላይ ያበቃል። አባትየው በሕይወት አለ፣ ጥበቃ ተመልሷል፣ ማይክል የተሰበረ መንጋጋ ይዞ ወደ ኮሌጁና ኋላ ወደሚያገባት ፍቅረኛው ወደ ኬይ መመለስ ይችላል። ከቤተሰቡ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮው ትዕይንት ነው። ሶኒ ጦርነት ይፈልጋል። ቶም ይከለክላል፤ የኒው ዮርክ ፖሊስ ካፒቴን የገደለ ከቶ የለም፣ ቢሞከር ሌሎቹ የማፊያ ቤተሰቦች ሁሉ ይነሡብናል ባይ ነው። ማይክል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆይቶ ይናገራል፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋዋል። የሚያቀርበው ዕቅድ በንዴት ከአፍ ያመለጠ ነገር ሳይሆን የተሟላ የሥራ ዝርዝር ነው። ሶሎዞ እንድንገናኝ ጠይቋል፤ እንስማማለት። ቦታው ሕዝብ ያለበት ይሁን፣ ቡና ቤት ወይም ሬስቶራንት፣ እኔም ደኅንነት እንዲሰማኝ። መጀመሪያ ስንገናኝ ስለሚፈትሹኝ መሣሪያ ይዤ አልሄድም፤ የአባቴ ነባር ሰው ክሌሜንዛ አስቀድሞ እዚያው የሚያስቀምጥበት መንገድ ካገኘ ግን ሶሎዞንም አብሮት የሚመጣውን ማክላስኪንም እገድላቸዋለሁ። ለቶም ሥጋትም መልስ አለው፦ ማክላስኪ በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ የተነከረ ሙሰኛ ነው፣ እኛ ደግሞ የምንከፍላቸው ጋዜጠኞች አሉን፣ ታሪኩን ያወጡታል።

ሰዎቹ ይስቃሉ። ሶኒ፣ ፊትህን ስለተመታህ ነው እንዲህ የምትለው፣ ይህ ከርቀት እንደሚተኮስበት ጦርነት አይደለም፣ ጠጋ ብለህ ነው የምትተኩሰው ይለዋል። ትዕይንቱን ደግማችሁ ስታዩት ይህን ሳቅ አስተውሉት። ቤተሰቡ ማይክልን ወደ ደም እየገፋው ቢሆን ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር፤ የሚስቁት የማይጠበቅ ነገር ስለሰሙ ነው። የሚመልሰውም ጉዳዩ የግል ሳይሆን ሥራ ብቻ እንደሆነ ነው። ማሪዮ ፑዞ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ደግሞ ማይክል ለቶም ብቻውን ተቃራኒውን ይነግረዋል፦ ማንም አያታልህ፣ ሥራ የሚባለው ሁሉ የግል ነው፣ ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው ይለዋል። ለሶኒ አንድ ምክንያት፣ ለቶም ሌላ ምክንያት። ለድርጊቱ ምክንያት የሚመርጥ ሰው ድርጊቱንም መርጧል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን ሙግታቸውን ያጠነክርላቸው የነበረ አንድ ነገር አለ። ሶሎዞ ሊያነጋግር የጠየቀው ማይክልን ነው፤ ከቤተሰቡ ንግድ ውጭ ያለ ሰው ስለሆነ። ስለዚህ ሶሎዞ አጠገብ ሊደርስ የሚችል ከማይክል ሌላ ሰው አልነበረም። ሶሎዞም አባትየውን ከመግደል እንደማይመለስ ማይክል መናገሩ ትክክል ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም የተጠራው የድርድሩን ሐሳብ ሰምቶ እንዲመለስ ነበር። ግብዣውን ወጥመድ ያደረገው እሱ ራሱ ነው፤ «ከንግዱ ውጭ ነኝ» የሚለው ንጽሕናው የመጀመሪያው መሣሪያው ሆነ።

ወደ ብሮንክስ እንሂድ። ክሌሜንዛ የሽጉጡን ቃታና እጀታ አሻራ በማይዝ ቴፕ ጠቅልሎታል። ድምፁን አላፈነውም፤ አጠገብ ያለ ሰው ደንግጦ እንዲሸሽ ነው። መሣሪያው በሰንሰለት በሚጎተተው በአሮጌው ሽንት ቤት የውኃ ታንከር ጀርባ ይደበቃል። ቦታው ራሱ የታወቀው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ማክላስኪ ቢፈለግ የሚገኝበትን አድራሻ ለጣቢያው ትቶ መሄድ ስላለበት የሶኒ ሰው ከዚያ አገኘው። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ከሽንት ቤት እንደወጣህ ተኩስ፣ እያንዳንዳቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ እጅህን ዝቅ አድርገህ ሽጉጡን ልቀቀው፣ በፍጥነት ሂድ ግን አትሩጥ።

ማይክል ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ይጥሳል። የመጀመሪያው ጥሰት የፊልሙ እምብርት ነው፦ ከሽንት ቤት ወጥቶ አይተኩስም፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ለሶሎዞ፣ ከሁሉ በላይ የምፈልገው አባቴ ላይ ሁለተኛ እንዳይሞከር ዋስትና ነው ብሎት ነበር። ሶሎዞም ታዳኙ እኔ ሆኜ ምን ዋስትና ልሰጥህ እችላለሁ አለው። አሁን ሶሎዞ በጣልያንኛ ያወራል፤ ትርጉም ከስር አይጻፍም። የሚሰማው በላይ የሚያልፍ ባቡር ጩኸት ነው፤ ድምፁን ያስገባው የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ነው፣ ባቡሩ ራሱ በምስሉ ላይ አይታይም። ቃሉን አንረዳውም፤ የሚታየን ወዲያና ወዲህ የሚሉት የማይክል ዓይኖች ብቻ ናቸው። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በዕጣ የተነዳ ሰው ሊያሳየን ቢፈልግ ክሌሜንዛ እንዳዘዘው እየተኮሰ ባስወጣው ነበር። ያሳየን ግን ተቀምጦ የሚያስብ ሰው ነው። ሶሎዞን አንድ ጊዜ፣ ማክላስኪን ሁለት ጊዜ ይተኩስባቸዋል። ሁለተኛው ጥሰት ትንሽ ነው፤ ሽጉጡን ወዲያው አይለቀውም፣ በሩ ጋ እስኪደርስ በእጁ ይቆያል።

ሦስተኛውን ነጥብ፣ የወራሽ ነገርን፣ ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ሶኒ ሞቷል፣ ሌላው ታላቅ ወንድሙ ፍሬዶ ደካማ ነው፣ ቶም የሥጋ ልጅ አይደለም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቪቶ አምስቱን ቤተሰቦች ሰብስቦ በቀሉን ተወ፣ ሰላሙን እኔ አላፈርስም ብሎ በልጅ ልጆቹ ነፍስ ማለ። የማለው ማይክል ከሬስቶራንቱ ግድያ በኋላ ከተሸሸገባት ከሲሲሊ በደኅና እንዲመለስ ነው፤ ልጄ በድንገተኛ አደጋ እንኳ ቢሞት እናንተን ነው የምጠይቀው ብሎም አስጠነቀቀ። ልጁን ለማውጣት በሩን የከፈተው አባትየው ነው። በአትክልቱ ስፍራ ውስጥም ሶኒ በዚህ እንደሚያልፍ ያውቅ እንደነበር፣ ለማይክል ግን ይህን ፈጽሞ እንዳልፈለገ፣ ሴናተር ወይም አገረ ገዢ እንዲሆን ይመኝ እንደነበር በዝግታ ይነግረዋል። ወራሽ አስፈለገ የሚለው ሙግት አውራሹ ራሱ በማይፈልግበት ቤት አይቆምም። ማይክልም የአባቱን መሐላ አልረሳውም፤ አባቱ እስኪሞት ጠበቀ። መሐላው የቪቶ እንጂ የእሱ አልነበረም።

አራተኛው ነጥብ ማይክል ራሱ የሚናገረው ስለሆነ ከበድ ይላል። ለኬይ በአምስት ዓመት ውስጥ የኮርሊዮኔ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ እንደሚሆን ቃል ይገባላታል። በሦስተኛው ፊልም ደግሞ ወጣሁ ባልኩ ጊዜ መልሰው ጎተቱኝ ይላል። «ጎተቱኝ»፣ የተሳቢ ግሥ። ጸሐፊው ይህን ቃል እንደ ምስክርነት ይወስዱታል፤ ተከሳሹ ስለራሱ የሰጠው ቃል መሆኑን ግን ልብ አላሉትም። ወደ ሕጋዊነት የወሰደው መንገድ በምን እንደተነጠፈ እንይ።

የመጀመሪያው ንጣፍ የክርስትናው ቀን ነው፤ ለአማርኛ አንባቢም ከሁሉ ቅርብ የሆነው ትዕይንት ይህ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የክርስትና አባት የሚቆመው ሕፃኑን ወክሎ ሰይጣንን ለመካድ፣ ሃይማኖቱን ለመመስከር፣ ከዚያም ልጁን በምግባር ለማሳደግ ነው። የፊልሙ ርዕስ ትርጉም ይኸው ቃል ነው። ማይክል የእኅቱን የኮኒንና የካርሎን ልጅ ክርስትና ያነሣል፤ የሕፃኑም ስም ማይክል ነው። ካህኑ በላቲንና በእንግሊዝኛ እየጠየቀ እሱ ሰይጣንን እክዳለሁ ሲል የእሱ ሰዎች በየቦታው ሥራቸውን ይፈጽማሉ። ክሌሜንዛ ስትራቺን ሊፍት ውስጥ በረጅም መሣሪያ፣ ሌላው ኩኔኦን በሚሽከረከር በር ውስጥ ቆልፎ፣ ሞ ግሪንን የማሳጅ አልጋ ላይ በመነጽሩ በኩል፣ ሮኮ ታታሊያን አልጋው ውስጥ፣ አል ኔሪ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ባርዚኒን በደረጃ ላይ። አራት የቤተሰብ አለቆችና አንድ የካሲኖ ባለቤት። ከዚያ የከዳቸው የቤተሰቡ ነባር ሰው ቴሲዮ ይወሰዳል። ካርሎ ደግሞ ከቤተሰቡ ሥራ ውጭ ብትሆንም ነፍስህ ተርፋለች፣ ይኸው ወደ ላስ ቬጋስ የምትበርበት ትኬት ተብሎ የሶኒን ነገር ካመነ በኋላ መኪና ውስጥ ከኋላ ይታነቃል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ድንገተኛ ነገር የለም። ካርሎ ሶኒን አሳልፎ ከሰጠ ዓመታት አልፈዋል። ማይክል በእነዚያ ዓመታት ቀኝ እጄ ትሆናለህ እያለ አብሮት በላ፣ ልጁን ክርስትና አነሣ። ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው፤ ለገዳዮቹ ቀጠሮ የሰጠው በገዛ ክርስትና ልጁ ቀን ነው። ኬይ እውነት ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው በአንድ ቃል አይደለም ይላል፤ በሩም ይዘጋባታል። (በዚያ ትዕይንት የተጠመቀችው ሕፃን የዳይሬክተሩ ልጅ ሶፊያ ኮፖላ ናት። በ1990ው ሦስተኛ ፊልም ሜሪን ሆና በቴአትሩ ደረጃ ላይ የምትወድቀውም እሷው ናት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የክርስትናውን ትዕይንት ያለ ሕመም ማየት አልቻልኩም።)

ሁለተኛው ንጣፍ ኔቫዳ ነው። በ1958 ሴናተር ጊሪ ለካሲኖ ፈቃድ ሩብ ሚሊዮን ዶላርና ከሁሉም ሆቴሎች ጠቅላላ ገቢ በየወሩ አምስት በመቶ ይጠይቃል፤ የፈቃዱ ትክክለኛ ዋጋ ግን ከ20 ሺህ ዶላር በታች ነው። ማይክል ምንም አልሰጥህም ይለዋል፤ የፈቃዱንም ክፍያ ራስህ ትሸፍናለህ። ይህን የሚያይ ሰው በሕግ የሚከራከር ነጋዴ ሊመስለው ይችላል። ቆይቶ ግን ጊሪ በፍሬዶ ሴተኛ አዳሪ ቤት ከሞተች ሴት አጠገብ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ የኮርሊዮኔ ሰው ይሆናል። ሕጋዊነቱ የተገዛው በሬሳ ነው። ገዢውም ማይክል ነው።

ሦስተኛው ፍሬዶ ነው፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፈው ማለፋቸው አሳዝኖኛል። በ1958 የመጨረሻ ሌሊት ሀቫና ውስጥ ማይክል ወንድሙን ስሞ፣ ለጠላቶቼ የረዳኸው አንተ እንደሆንክ አወቅሁ፣ ልቤን ሰበርከው ይለዋል። በዚያ ሌሊት የተናደደ ሰው የሚያደርገውን ቢያደርግ ኖሮ ስለ ዕጣ ልናወራ እንችል ነበር። እሱ ግን ለአል ኔሪ እናቴ በሕይወት እያለች ምንም እንዳይደርስበት ብሎ ያዝዛል። ከዚያ ይጠብቃል። እናት ትሞታለች። በለቅሶው ኮኒ ተንበርክካ ፍሬዶን ይቅር እንዲለው ትለምነዋለች። ይሄዳል፣ ወንድሙን ያቅፋል፤ በትከሻው በኩል ኔሪን ያየዋል። በኋላ ፍሬዶ ትንሹን አንቶኒን ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ጀልባ ላይ ሲወጣ ልጁ አባትህ ይፈልግሃል ተብሎ ይጠራል። ፍሬዶና ኔሪ ብቻቸውን ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ፍሬዶ ዓሣ እንዲይዝለት የሚደግመውን ጸሎተ ማርያም ሲጀምር ጥይቱ ይሰማል። ማይክል በመስኮት በኩል ቆሟል።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ቶም ሄገን ሁሉንም አሸንፈሃል፣ ሁሉንም ማጥፋት አለብህ ወይ ብሎታል። መልሱ ጠላቶቼን ብቻ የሚል ነው። ፍሬዶ በዚያን ጊዜ አቅም የሌለው፣ ቤት የዋለ ሰው ነበር። የንግድ ሸሪኩ የነበረው፣ ኋላ ጠላቱ የሆነው ሃይመን ሮትም የሚሸሽበት አገር ያጣ በሽተኛ ሽማግሌ ነበር፤ አየር ማረፊያ ላይ አስገደለው። እነዚህን ግድያዎች የሚጎትት ገመድ የለም፤ ማንም አላስገደደውም፣ ቅርብ የሆኑት ሁሉ ለመኑት እንጂ።

በሦስተኛው ፊልምም «ጎተቱኝ» የሚለው ሰው፣ የሶኒ ልጅ ቪንሰንት በግብዣው ላይ የሌላውን የማፊያ አለቃ የጆይ ዛዛን ጆሮ ከነከሰ በኋላ ወጣቱን ከማባረር ይልቅ አጠገቡ ያስቀመጠው ሰው ነው። ካሲኖዎቹን ሸጧል፣ በአባቱ ስም ለሲሲሊ መቶ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ ይህ ይመዘገብለታል። አለቅነቱን ግን አላፈረሰውም፤ ለቪንሰንት አወረሰው።

ወደ አምስተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው ማይክልን ከጥንታዊው የግሪክ ተውኔት ንጉሥ ከኤዲፐስ ጋር ማወዳደራቸውን አነሣለሁ። ኤዲፐስ የተነገረበትን ትንቢት ሽሽት አገር ጥሎ ይሄዳል፤ አባቱን የሚገድለው አባቱ መሆኑን ሳያውቅ ነው። ሲያውቅ ዓይኑን ያጠፋል። ማይክል ወንድሙን ሲያስገድል ስሙን ያውቃል፣ ቀኑን ያውቃል፣ የሐይቁን ጥልቀት ሳይቀር ያውቃል። ሁለቱም አዝነዋል፤ ኀዘናቸው ግን ከአንድ ምንጭ አልፈለቀም። ብርቱካኖቹን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ብርቱካን በታየ ቁጥር ሞት መቅረቡ ለእኛ ለተመልካቾች የሚሰጥ ምልክት ነው። ምልክት ማስጠንቀቂያ እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ቪቶን የመታው ጥይት የሶሎዞ ነው።

ማጣቱ ደግሞ እውነት ነው፤ ሜሪ ስትወድቅ አፉን ከፍቶ ድምፅ አልወጣ ያለው ማይክል ያሳዝናል። ነገር ግን ፊልሙ ተበዳይነቱን የሚመዝንበት ሌላ ትዕይንት አለ። በካርዲናል ላምቤርቶ ፊት ይናዘዛል። ካርዲናሉ አስቀድሞ ከፏፏቴው ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ይሰብረዋል፤ ለዘመናት ውኃ ውስጥ ቢኖርም ውስጡ ደረቅ ነው። ከዚያ ማይክል ወንድሜን አስገደልኩ ይላል፤ በድሎኝ ነበር ብሎ አንዲት ምክንያት ይጨምራል፤ ምክንያቱም በአፉ ውስጥ ይሟሟል። የእናቴን ልጅ ገደልኩ፣ የአባቴን ልጅ ገደልኩ እያለ ያለቅሳል። በእኛ ቋንቋ «የእናቴ ልጅ» ከሚለው የሚቀርብ ስም የለም። በዚያ ሰዓት «ጎተቱኝ» የሚል ግሥ አይገኝም፤ ሁሉም በ«ኩ» ያልቃሉ። ላምቤርቶ ኃጢአትህ ከባድ ነው፣ መሠቃየትህም ተገቢ ነው ይለዋል፤ ሕይወትህ ልትድን ትችላለች፣ አንተ ግን ይህን እንደማታምን አውቃለሁ፣ አትለወጥም ይላል። ትችላለች ነው ያለው፤ በሩ አሁንም ክፍት ነበር።

ጸሐፊው የሚጠቅሱት ብቻውን ወንበር ላይ ሆኖ የሚሞትበት ፍጻሜ የ1990ው ቅጂ ነው። ኮፖላ በ2020 ፊልሙን ዳግም ሲያርመው ማይክል ሲሞት አላሳየንም፤ አርጅቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከነትዝታው ትቶት ሄዷል።

ሁለተኛውን ነጥብ ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። የአርባ ቀን ዕድል፣ ደም፣ የአባት ቤት። ጸሐፊው ቪቶ በልቦለዱ ውስጥ የሚያዘወትረውን፣ ሰው አንድ ዕጣ ፈንታ ብቻ ነው ያለው የሚል አባባል ይጠቅሳሉ፤ ትክክል ነው፣ ይላል። የሚለው ግን በዘጠኝ ዓመቱ አባቱ፣ ወንድሙና እናቱ በአንድ የሲሲሊ ዶን (የማፊያ አለቃ) የተገደሉበት፣ በ1901 ብቻውን ኤሊስ ደሴት የደረሰ፣ የግሮሰሪ ሥራውን እንኳ በፋኑቺ የተነጠቀ ሰው ነው። ማይክል የተነሣው ከዚያ ሥር አይደለም። ኮሌጅ የገባ፣ በጦርነቱ የጀግንነት ሜዳይ ያገኘ፣ ቤተሰቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ከራሱ የለየ ሰው ነበር፤ በኮኒ ሠርግ ለኬይ ያ ቤተሰቤ ነው፣ እኔ አይደለሁም ያላት እሱ ነው።

ለዚህ ነጥብ ከሁሉ የሚሻለው መልስ በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ፣ ፍሬዶ ከተገደለ በኋላ፣ የተቀመጠው ትዝታ ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 7፣ 1941 ነው፤ ጃፓን ፐርል ሃርበርን የደበደበችበትና የቪቶ የልደት ቀን። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው አባታቸውን ይጠብቃሉ። ማይክል ኮሌጁን ትቶ ማሪን ውስጥ እንደተመዘገበ ይናገራል። ሶኒ ይቆጣል። ቶም አባታችን ከውትድርና እንዲያስቀርህ ስንት ሰው ለምኗል፣ ስለ ወደፊትህ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል ይለዋል። ማይክል ይገረማል፤ ስለ እኔ የወደፊት ሕይወት ከአባቴ ጋር ተነጋገራችሁ? ለወደፊቴ የራሴ ዕቅድ አለኝ ይላል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እጁን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ፍሬዶ ብቻ ነው። ከዚያ አባትየው ደረሰ ሲባል ሁሉም ሊያስደንቁት ተነሥተው ይሮጣሉ። ማይክል የሚዘፍኑትን ዘፈን ከሌላው ክፍል እየሰማ፣ ሲጋራውን ይዞ፣ ብቻውን ይቀመጣል።